የእንግሊዝን የጦርነት ጊዜ ራሽን በእኛ ማድቤት ለ7 ቀን፦ ልኩ ስንት ነው? አሠራሩስ?

የኮዬዋ፦

እንደምን ዋላችሁ። ለታሪክ ክበብ ልጆች የሚሆን ነገር እያዘጋጀሁ ነው። ሐሳቡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ በሳምንት ይሰፈርለት የነበረውን ቀለብ ልክ ይዞ 7 ቀን ማብሰል ነው። የሚበስለው ግን የእነሱ ምግብ ሳይሆን የእኛው እንጀራ፣ ወጥ፣ ሽሮ ነው። ቤቱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ 5 ሰው፣ ከነዚህ ሁለቱ ልጆች። ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ባለ ሁለት ዓይን ስቶቭና መብራት ሲሄድ የከሰል ምድጃ ነው። ኦቨን የለም።

ኢንተርኔት ላይ የማገኘው ልክ ሁሉ በአውንስ ነው፤ እሱም አይገጥምም። አንዱ ቅቤ 2 አውንስ ይላል፣ ሌላው 4። በግራም ቁርጥ ያለውን የሚያውቅ ይጻፍልኝ። የአሳማው ሥጋ በምን ይተካ? የዱቄት እንቁላሉስ? ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ድስቱን አንዴ አፍልተው ጭድ በሞላበት ሳጥን ውስጥ ይቀብሩት ነበር ይባላል፤ በእኛ ከፍታ ይሠራል? እባካችሁ «እኛ ልጆች ሳለን» የሚለውን ተዉትና ልኩንና አሠራሩን ጻፉልኝ።


የገላን መጋዘን፦

እህቴ፣ የማይገጥመው ልኩ በየጊዜው ይቀያየር ስለነበረ ነው። ራሽኑ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1940 በቅቤ፣ በስኳርና ጨው በበላ የአሳማ ሥጋ (ቤከን) ነው፤ ሌላው ቀስ በቀስ ተጨመረ። መርከብ በመጣ ቁጥር ከፍ፣ በሰመጠ ቁጥር ዝቅ ይል ነበር። አይብ ብቻውን ከ28 ግራም እስከ 225 ግራም ተመላልሷል። ስለዚህ አንድ ልክ ያዢና ሳምንቱን ሙሉ አትልቀቂው።

ለአንድ ሰው በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ቅቤ 57 ግራም፣ ማርጋሪን 113፣ የማብሰያ ስብ 57 (አንዳንዴ 113)፣ አይብ 57፣ ስኳር 225፣ የሻይ ቅጠል 57፣ የአሳማ ሥጋ 113፣ ወተት 1.7 ሊትር፣ የዛጎል እንቁላል 1። ሌላው ሥጋ በክብደት ሳይሆን በዋጋ ነበር የሚሰፈረው፤ አንድ ሺሊንግ ከ2 ፔንስ። ርካሹን ብልት የመረጠ ብዙ ያገኛል፣ ጥሩውን የመረጠ ትንሽ። ለስሌት ግማሽ ኪሎ ያዢ።

ለ5 ሰው ሲባዛ በሳምንት ስኳር 1 ኪሎ ከ125 ግራም፣ የሻይ ቅጠል 285 ግራም፣ ወተት 8 ሊትር ተኩል፣ ሥጋ 2 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ስኳሩ ለአንድ ሰው በቀን 32 ግራም ነው፣ ማለትም ወደ 7 የሻይ ማንኪያ። በአንድ ስኒ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው ካለ ሁለት ሻይ ጠጥቶ ጨረሰ ማለት ነው።

አሁን የሚገርመው ስቡ ነው። ቅቤ፣ ማርጋሪንና የማብሰያ ስብ ሲደመር ለአንድ ሰው 227 ግራም፣ ለ5 ሰው በሳምንት 1 ኪሎ ከ135 ግራም። ቅቤና ማርጋሪን ውስጥ ያለውን ውኃ ቀንሰሽ ወደ ዘይት ስትመልሺው በወር ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው! ከአምስቱ ሊትር ወሩን የሚያደርሱ ቤቶች አዲስ አበባ ዙሪያ ሞልተዋል፤ ለእነሱ ይህ ራሽን በዘይት በኩል ምንም አይደለም። «ጦርነቱ ቁጠባ ያስተምራል» ብለሽ ልጆቹን ካዘጋጀሽ በዘይቱ አይሆንልሽም። የሚያስቸግርሽ ሌላ ነገር ነው፤ ሽንኩርት።

ሽንኩርት ራሽን ውስጥ አልነበረም፤ ግን ገበያ ላይም አልነበረም። እንግሊዝ ሽንኩርቷን ታመጣ የነበረው ከብሪታኒ እና ከቻናል ደሴቶች ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመን እጅ ሲወድቁ ሽንኩርት ጠፋ። ለእንግሊዝ ሾርባ ይህ ችግር ነው፤ ለእኛ ወጥ ግን መሠረቱን መንቀል ነው። ፈተናውን በእውነት ልታደርጊው ከፈለግሽ ለሳምንቱ ሙሉ ለ5 ሰው ከግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አትለፊ።

አሳማውን በቋንጣ ተኪው፤ ሁለቱም ጨው የበላ፣ የሚቆይ ሥጋ ነው። ግን የሚቆጠረው ጥሬው ነው፦ 565 ግራም ጥሬ ሥጋ ዘልዝለሽ ስታደርቂው ወደ 200 ግራም ይወርድብሻል፤ አትደንግጪ፣ የጠፋው ውኃ ነው። አይቡም እንዲሁ፤ የእነሱ ደረቅ ነው፣ የእኛ ውኃ አለው። ለ57 ግራም የእነሱ አይብ 100 ግራም በደንብ የተንጠፈጠፈ የእኛ አይብ በፕሮቲን ይመጣጠናል።

የዱቄት እንቁላሉ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ነው፤ በ4 ሳምንት የ12 እንቁላል አንድ ፓኬት። ስለዚህ በሳምንት ለሰው 3 ይጨመራል፣ ለቤቱ 15። አንድ ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በሁለት ማንኪያ ውኃ አንድ እንቁላል ይሆናል። እዚህ አገር ዱቄቱን ከመፈለግ እውነተኛውን ተጠቀሚ፤ ግን ደንቡን አትርሺ፦ የዱቄት እንቁላል አይቀቀልም። ከ20ው እንቁላል 5ቱን ብቻ ነው ቀቅለሽ ዶሮ ወጥ ላይ ወይም ሳህን ላይ የምታኖሪው፤ 15ቱ ተመትቶ እንቁላል ፍርፍር ወይም ሊጥ ውስጥ ይግባ።

ከራሽን ውጭ የነበሩት ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ዳቦ፣ እንዲሁም ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጨጓራ ናቸው። ዱለትና ጨጓራ ወጥ ካለ ሥጋው ብዙ አያሳስብም፤ እርግጥ እነሱም ጋ ከራሽን ውጭ ነው ማለት ሁልጊዜ ይገኛል ማለት አልነበረም። ቡናም ራሽን አልነበረበትም! ሲኒውን አትንኩት።


ቃሊቲ ባለወጥ፦

የገላኑ ወንድሜ ነጥቡን አግኝቶታል፤ ዘይት ሳይሆን ሽንኩርት ነው። እኔ የምጨምረው ወጡን ያለ ሽንኩርት እንዴት እንደሚያቆሙት ነው።

መጀመሪያ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ይታወቅ። ሦስት ነገር ይሠራል። ውኃውን እየሰጠ በርበሬው ሳያር እንዲቁላላ ያደርጋል። ሟሙቶ መረቁን ያወፍራል። ጣፋጭነቱ የበርበሬውን ግለት ይይዛል። ሽንኩርት ያነሰበት ወጥ የሚበላሸው ሦስቱን በአንድ ነገር ለመተካት ሲሞከር ነው። አንዳንዱ ድንች ይፈጭበትና ወጡ ሙጫ ይሆናል፤ አንዳንዱ ቲማቲም ያበዛና ጎምዝዞ ስልስ ይሆናል።

እንግሊዞች ቀይ ሽንኩርት ሲጠፋ የተጠጉት ባሮ ሽንኩርት ነው፤ የሚዘሩት እዚያው ስለነበር። ለ5 ሰው የምስር ወጥ (ክክ 400 ግራም) እንዲህ ይሠራል። ባሮ ሽንኩርት 250 ግራም፣ በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ በየቅጠሉ መሐል ይታጠብ፤ አሸዋው እዚያ ነው የሚደበቀው፣ ካልታጠበ ወጡ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ነጩ ደቆ ይከተፍ፣ አረንጓዴው ለብቻው ይቀመጥ። ካሮት 150 ግራም በመፈቅፈቂያው በደቃቁ በኩል ይፈቅፈቅ።

ነጩን ባሮና ካሮቱን ያለ ዘይት፣ በሽፍን ድስት፣ በዝግታ 12 ደቂቃ ማቁላላት። እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፦ ባሮ እንደ ቀይ ሽንኩርት ውኃ አይሰጥም፣ ቶሎ ይይዛል፣ ካረረም ይመርራል። በየሁለት ደቂቃው አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጠብ ይደረግበት። ከዚያ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍንካች፣ ከ2 ደቂቃ በኋላ በርበሬ። በርበሬው በተለመደው ልክ ከሆነ ያቃጥላል፤ ጣፋጩ ስለቀነሰ 4 ማንኪያ ታደርጊ የነበረውን 2 ተኩል አድርጊው። በርበሬውም በውኃ ጠብታ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይብሰል።

ለማወፈር አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ ጨምሪ፤ በፈላ ውኃ ከሆነ ይጓጉላል። ከሽሮው ሌላ አብሽ ካለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄቱን ከማታ ዘፍዝፈሽ፣ ጠዋት የላዩን መራራ ውኃ ድፊና የታቹን ብቻ ተጠቀሚ። ከሁሉም የተሻለ አወፋፋሪ ይሄ ነው፤ ከግማሽ ማንኪያ ካለፈ ግን ወጡ እንደ መድኃኒት ይሸታል። ምስሩ ገብቶ ሲበስል አረንጓዴው ባሮ ደቆ ተከትፎ ሊወርድ 3 ደቂቃ ሲቀረው ይጨመር።

ዶሮ ወጥ? ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የሚገባበትን ወጥ በባሮ አትሞክሪው። በዚያ ሳምንት ዶሮውን አልጫ አድርጊው። ግማሽ ኪሎዋን ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ለሁለት ሥጋ ወጥ ብቻ አስቀምጫት፤ ሽሮ በነጭ ሽንኩርት ብቻ ያምርበታል፣ ጎመንም አይጠይቅም።


የኮዬዋ፦

ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ስሌቱን ዛሬውኑ ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። የጭድ ሳጥኑን የሚያውቅ አልመጣም። ባቄላና ቦሎቄ ላይ ነው ዋናው ፍላጎቴ፤ ስቶቩ ላይ ሦስት ሰዓት ይቆያል፣ መብራቱ ደግሞ መሐል ላይ ይሄዳል።


ሱሉልታ ጭድ፦

ይሠራል፤ ግን በእንግሊዝ መጽሐፍ ላይ ያለውን ሰዓት እንዳለ ከወሰድሽ ጥሬ ትበያለሽ። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ኮዬ አካባቢ ከ92 እስከ 93፣ ሱሉልታ ደግሞ 91 ገደማ ላይ። ሳጥኑ ሙቀት አይጨምርም፣ ያለውን ይይዛል እንጂ። እነሱ ከ100 ጀምረው ወደ ታች ሲወርዱ እኛ ከ92 ነው የምንጀምረው። ስለዚህ እሳት ላይ የሚቆይበትም ሳጥን ውስጥ የሚቆይበትም ይረዝማል።

አሠራሩ፦ የእንጨት ሳጥን ወይም ወፍራም ካርቶን፣ ድስቱ መሐል ሲቀመጥ በየጎኑም በታችም 12 ሴንቲ ሜትር ክፍተት የሚተርፍበት። የጤፍ ጭድ ከስንዴ ጭድ ይሻላል፤ ደቃቅ ስለሆነ አየሩን እዚያው ያስቀረዋል። ግን ደረቅ ይሁን። እርጥበት ያለው ጭድ ሙቀቱን ይጠጣል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሻጋታ ይሸታል። ከታች 12 ሴንቲ ሜትር ጠቅጥቀሽ፣ ድስቱን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለሽ አስቀምጪና ዙሪያውን ሙዪው፤ ድስቱ ሲወጣ ጎድጓዳው ሳይፈርስ ይቀራል። ለላዩ ጆንያ ውስጥ ጭድ ሞልተሽ ትራስ ስፊ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ሙቀት የሚሸሸው ወደ ላይ ነውና ትራሱ ላይ አትስነፊ። ከላይ የሳጥኑ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ።

ድስቱ ቢያንስ ሦስት ሩቡ የሞላ ይሁን። ሙቀቱን የሚሸከመው ምግቡ ራሱ ነው፤ አንድ ኩባያ ምስር በትልቅ ድስት ከቀበርሽ በሁለት ሰዓት ለብ ይላል። ለ5 ሰው ባለ 4 ሊትር ድስት ልክ ነው። ጆሮው አጭር፣ ክዳኑ ግጥም ያለ። ውኃውን ከለመድሽው በሩብ ቀንሺ፤ ምንም አይተንም። ወጥ ከሆነ ቁሌቱን እሳት ላይ ጨርሺ፣ ሳጥን ውስጥ የሚቁላላ ነገር የለም።

ሰዓቱ፣ በእኛ ከፍታ፦ ምስር ክክ ፈልቶ 8 ደቂቃ እሳት ላይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሳጥን ውስጥ። ድፍን ምስር 15 ደቂቃ እና 3 ሰዓት። ድንች ሳይቆረጥ 10 ደቂቃ እና 2 ሰዓት። ሽምብራ ከማታ ተዘፍዝፎ 30 ደቂቃ እና 5 ሰዓት። የበሬ ሥጋ በትንንሹ ተቆርጦ 35 ደቂቃ እና 4 ሰዓት። ሰዓቱ የሚቆጠረው ድስቱ በሙሉ ኃይሉ መንተክተክ ከጀመረ ነው፤ ጠርዙ ላይ አረፋ ስላየሽ አይደለም። ከእሳቱ እስከ ሳጥኑ ያለው መንገድም አጭር ይሁን፣ ክዳኑ እንዳይከፈት። «ልየው» ብሎ መክፈት የግማሽ ሰዓት ሙቀት ያጠፋል።

ቦሎቄ ላይ ግን ቆም በይ። ቀይ ቦሎቄ በጥሬውና በግማሽ ብስሉ መርዝ አለው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። መርዙ የሚሞተው በኃይል ሲፈላ ነው፤ በ80 ዲግሪ ቀስ ብሎ ሲሞቅ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። የጭድ ሳጥን ደግሞ ሥራው ይኸው ነው፣ በ80 ማቆየት። ስለዚህ ቦሎቄው ከማታ ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ በአዲስ ውኃ በኃይል እየፈላ 30 ደቂቃ ይቆይ (ባሕር ጠረፍ 10 ደቂቃ ይበቃል ይላሉ፣ እዚህ አይበቃም)፣ ከዚያ ነው ሳጥን የሚገባው፣ ለ6 ሰዓት። ባቄላ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ ግን ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ መዘፍዘፊያው ውኃ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ካልተጨመረ አይለሰልስም። ጨውና ሎሚ ከበሰለ በኋላ፤ በተለይ ሎሚው ቀድሞ ከገባ ቅርፊቱን ያደነድነዋል።

ስታወጪው መቼም ቢሆን መልሰሽ አፍልተሽ አቅርቢ። ድስቱን በባዶ እጅ ያለ ጨርቅ ይዘሽ ማቆየት ከቻልሽ ከሚገባው በታች ቀዝቅዟል፤ ሥጋ ወይም ወተት ያለበት ከሆነ እንዲህ ሆኖ ያደረውን አትቅመሺው፣ ድፊው። ሥጋ ያለበትን ድስት ለሌሊት አትቅበሪ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ 6 ሰዓት ይውጣ።

መብራት ሲሄድ ይህ ሳጥን ከከሰል ይሻላል። ድስቱ ከፈላ በኋላ ቢጠፋ ግድ የለሽም።


ለገጣፎ 3፦

ሽሮውን ለማብዛት ከሆነ ቀላል ነገር አለ። ጓያ ከአተርና ከሽምብራ ይረክሳል፤ ግማሽ በግማሽ አስፈጪው። ጣዕሙ አይለይም፣ እንዲያውም ሽሮው ወፈር ይላል።


ቡራዩ ጤና፦

ይቅርታ ለገጣፎ፣ ይሄ ግማሽ በግማሽ የሚባለው ምክር ለልጆች ትምህርት አይሆንም፤ በተለይ ርዕሱ የጦርነት ቀለብ ከሆነ።

ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ የነርቭ ነው። አንድ ሳምንት በሽሮ ውስጥ ጥቂት የበላ ሰው አይታመምም። ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ሲበላ ግን እግር ይይዛል፤ ጉልበት ይታጠፋል፣ ተረከዝ መሬት አይነካም፣ በሁለት ምርኩዝ ይኬዳል፣ አይመለስም። የሚበረታውም ወጣት ወንዶች ላይ ነው። ጓያ ድርቅን ስለሚችል ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይቀራል፤ ስለዚህ ነው ይህ በሽታ በችግር ዓመት የሚነሣው።

በዚያው ጦርነት ጊዜም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ በሮማንያ አስተዳደር ሥር በነበረ ቫፕኒያርካ በሚባል ካምፕ (ዛሬ ዩክሬን ውስጥ) የታሰሩ አይሁዳውያን ቀለብ ተብሎ በቀን 400 ግራም ገደማ ጓያ ይሰጣቸው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት ሽባ ሆኑ። ምክንያቱን የለየው አብሮ የታሰረ ሐኪም ነው፣ አርተር ኬስለር። ለታሪክ ክበቡ የሚሆን ነገር ከፈለግሽ ይህን ንገሪያቸው፤ ቀለብ በግራም መመዘኑ ብቻ ምግብ አያደርገውም።

ጓያ መብላት ግድ ከሆነ ድፍኑን በብዙ ሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ውኃውን መድፋት፣ ደግሞ በአዲስ ውኃ መቀቀልና ያንንም መድፋት። ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ቆልቶ ማስፈጨት ብቻውን አይበቃም። ሽሮውን ማብዛት ከተፈለገ ባቄላ ነው መልሱ። ዱቄት ሆኖ ከገበያ የሚገዛ ሽሮ ውስጥ ጓያ መኖሩን በዓይን መለየት አይቻልም፤ እህሉን ገዝቶ ለቅሞ ማስፈጨት ይሻላል። የጓያ ፍሬ እንደ መጥረቢያ ጫፍ ጠፍጠፍ ያለና ማዕዘን ያለው ነው፤ አተር ደግሞ ድቡልቡል።


ለገጣፎ 3፦

ተቀብያለሁ። ድፍኑን ለቅሞ ማስፈጨት የሚለውን ያዙልኝ፣ የእኔን ተዉት።


የሰበታ ወፍጮ፦

ዳቦውና እንጀራው ተረሳ። በእንግሊዝ ዳቦ በጦርነቱ ጊዜ ራሽን አልነበረም፤ ራሽን የገባው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1946 እስከ ሐምሌ 1948 ነው። ግን ነጩ ዳቦ እ.ኤ.አ. በ1942 ቀረ። ከ100 ኪሎ ስንዴ 85 ኪሎ ዱቄት ይውጣ ተባለ፤ ፍሩሽካው ብዙ ስለቀረበት ዳቦው ግራጫ ሆነ፣ ሰው አልወደደውም። በኋላ ገብስና አጃም ተጨመረበት።

እሱን ለማግኘት ፉርኖ ዱቄት አይሆንም፣ በጣም የነጣ ነው። ወፍጮ ቤት ያስፈጨሽው ድፍን ስንዴ ደግሞ ምንም ያልወጣለት ነው። አንድ ኪሎውን በወንፊት ነፊና ላዩ ላይ የቀረውን መዝኚ፤ 150 ግራም ሲሆን አቁሚ። ከ150 በላይ ከወጣ ወንፊቱ ደቃቅ ነው፣ የተረፈውን መልሺበት። ለዚህ ዱቄት ውኃ ከፉርኖ ይልቅ ይበዛል፣ ለኪሎ 680 ሚሊ ሊትር ገደማ፤ እርሾ 10 ግራም፣ ጨው 18 ግራም። ፍሩሽካ ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ካቦካሽ በኋላ 20 ደቂቃ አሳርፈሽ እንደገና እሺው፤ አለዚያ ዳቦው ሲቆረጥ ይፈረፈራል። ኦቨን ከሌለ ድፎ አድርጊው፣ ኮባ አንጥፈሽ ምጣዱ ላይ። ምጣዱ ሙሉ ኃይሉን ከያዘ ታቹ ያርና መሐሉ ሊጥ ይቀራል፤ አግለሽ አጥፊው፣ ደግሞ አብሪው፣ እንዲህ እያፈራረቅሽ።

እንጀራውን በዚያው ደንብ ድብልቅ አድርጊው፦ ጤፍ 60፣ ገብስ 20፣ ነጭ ማሽላ 20። በቆሎ ከገባ በማግስቱ ይሰባበራል፣ ሩዝ ለመጀመሪያው ቀን ለስላሳ ነው በሁለተኛው ይደርቃል። ጤፍ ሲያንስ አብሲቱ ላይ ነው ጨዋታው። ለ3 ኪሎ ዱቄት፣ ሊጡ ከተቦካ በኋላ የላዩ ውኃ ይደፋ፣ ሁለት ኩባያ ሊጥ ይነሣና አንድ ሊትር ተኩል የፈላ ውኃ ውስጥ እየተማሰለ ገንፎ እስኪመስል ይብሰል። መልሰሽ ስትቀላቅይው ለብ ያለ ይሁን። ትኩሱን ከደፋሽበት እርሾው ይሞታል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም። ከቀላቀልሽ በኋላ ኩፍ እስኪል አንድ ሰዓት፣ ኮዬ ላይ ክረምት ከሆነ ሁለት።

ምጣዱ ወደ 3 ኪሎዋት ተኩል ይበላል፤ በሳምንት ሁለቴ ከምታሞቂው አንዴ ጋግሪ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ አጥፍተሽው በቀረው ሙቀት ይበስላሉ። ከዚያም ላይ የተራረፈው እንጀራ ተቆራርጦ ይነጠፍበት፣ ድርቆሽ ሆኖ ይነሣል።


የኮዬዋ፦

ጋሼ የሰበታው፣ ይህን ሁሉ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ወንፊቱን በሚዛን ማየት የሚለውን ባይነግሩኝ አላስበውም ነበር። አንድ የቀረኝ፦ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። የወተቱና የሥጋው ልክ በ5 ቀን ይለቅ ወይስ ይቅር?


የገላን መጋዘን፦

በ5 ቀን ይለቅ። ራሽኑ የሳምንት እንጂ የቀን አልነበረም፤ በየትኛው ቀን እንደሚበላ የሚወስነው ቤቱ ነው። ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ላይ ግን አትጀምሪው፣ ግማሹ ዝርዝር ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሥጋ የማይበሉ እንግሊዞች ተመዝግበው የሥጋውን ልክ ትተው ተጨማሪ አይብ ይወስዱ ነበር፤ እኛ በጾም ቀን አይብም ስለማንበላ መንገዱ አያዋጣም።

ወተቱ ላይ አንድ ነገር። 8 ሊትር ተኩሉን በአንድ ቀን አትግዢ። ማክሰኞ ማታ የተረፈውን እርጎ አድርጊው፣ ሐሙስ ይደርሳል። ኩፖን ሠርተሽ ለልጆቹ የምትሰጪ ከሆነም የእንግሊዙ ቤተሰብ ሸቀጡን ከፈለገው ሱቅ አይገዛም ነበር፤ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ተመዝግቦ ከዚያው ነው የሚወስደው። የቀበሌ ሱቅ ያውቁ የነበሩ አያቶች ካሏቸው ይሄኛውን ማስረዳት አያስፈልግሽም። ስኳሩን ግን ሰኞ ጠዋት በ5 ብልቃጥ ከፋፍለሽ ስም ጻፊበት። በአንድ ቆርቆሮ ካስቀመጥሽው ሐሙስ ላይ ያልቃል።